የሻሼ ሰማንያ ቀን

ሳሊተ ምሕረት፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዶክተር ሉዋም፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ፣ አከራያችን እማማ የሺ እና ቁጥራቸው በቅርቡ የተለወጠው ድመቶች ደህና ነን።

አንቺ ካለሽበት የክትባት ጣቢያ ስልክ እንደማይሠራ ሊባኖስ ሾፌሩ ምሎ ስለነገረኝ ይህን ወረቀት ነገ ጠዋት ላምበረት መናኸሪያ ወስጄ እሰጠዋለሁ። እሱ ወልድያ ላይ ለቡድናችሁ መኪና ያቀብላል። ለእጅ ጽሑፌ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሃያ ዓመት የሌላውን ሰው ጽሑፍ እያረምኩ ስኖር የራሴ እንዲህ መበላሸቱን ያወቅኩት ዛሬ ነው።

በላክሽው ማስታወሻ "ሻሼ ወፈረች ወይ?" ብለሽ ጠይቀሻል። ወፍራ ነበር። ባለፈው ሰኞ ግን በአንድ ጠዋት ከሳች፤ የቀነሰችውም ለአራት ተከፍሎ ካርቶን ውስጥ ተኝቷል።

ካርቶኑ የኔ ነው። ውስጡ የነበረው ደግሞ አንድ ደንበኛዬ ስለ ስኬት የጻፈው ረቂቅ ነው፤ ከገጽ አርባ እስከ ስድሳ ያለው ከእንግዲህ አይነበብም። ለደራሲው ደውዬ ነገርኩት። "የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው የወለደችው?" አለኝ። "ጊዜን በዕቅድ ስለመጠቀም የሚለው ላይ" አልኩት። ሌላ ቅጂ እንደሚልክ ነገረኝ።

ታኅሣሥ ላይ ቦሌ ከቆመ መኪና ኮፈን ውስጥ ጎትተሽ አውጥተሻት፣ ጥር ላይ ለሥራ ስትሄጂ "ለሁለት ሳምንት ብቻ፣ ጋሽ ኢያሱ" ብለሽ ሰጠሽኝ። ሁለቱ ሳምንት እንዴት እንደሚቆጠር አልጠይቅሽም። የምጽፍልሽ በሌላ ጉዳይ ነው። ትናንት እማማ የሺ በሬ ላይ ቆመው፣ እንደ ጎረቤት ሳይሆን እንደ አከራይ ተናገሩ፦

"የመጀመሪያውን ይዛው ነው የመጣችው፤ ምንም አልልም። ሁለተኛ ከወለደች ግን ያንተ ቸልተኝነት ነው። ያኔ አንተም ድመትህም ቤት ትፈልጋላችሁ።"

"ድመቷ የሉዋም ናት" አልኩ።

"ሉዋም የት አለች?"

በዚህ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ፤ መጻሕፍቴ ግድግዳውን ይዘውት ነው የቆመው። ሌላ ቦታ ስለመኖር ማሰብ አልፈልግም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፦ የወለደች ድመት መቼ ነው የምትመክነው?

ኢያሱ
አራሚ፣ ከሰኞ ወዲህ ደግሞ አዋላጅ


የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ኢያሱ፣

በጣም፣ በጣም ይቅርታ። ሰላም ነህ ወይ? እማማ የሺስ?

ፖስታው ጀርባ ላይ በእርሳስ ለጻፍከው መልሱ ይህ ነው፦ አዎ፣ ሐኪም ነኝ፤ አዎ፣ ሆዷን ዳስሻለሁ፤ አይ፣ እርጉዝ መሆኗን አላወቅኩም። እኔ ላም ሳክም እጄን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ ነው የምመረምረው። ድመት ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም። የበላችው ዳቦ መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ልጆቿ ሰባት ስምንት ሳምንት ይጥቡ። ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ ምግብ እያስለመድክ፣ ጡት ሲተዉ ወተቷ እስኪደርቅ አንድ ሁለት ሳምንት ትጠብቅና ታስመክናታለህ። ጡቷ ተወጥሮ ሳለ መቅደድ ለእሷም ለሐኪሟም አይመችም። ይህ መጽሐፍ የሚለው ነው።

መጽሐፉ ስለ እርግዝና የሚለው ደግሞ ሌላ ነው። ሰው ሁሉ "እያጠባች አታረግዝም" ይላል። ድመት ታረግዛለች፣ ጋሽ ኢያሱ። ልጆቿ ጡቷ ላይ ተንጠልጥለው ሳለ ወንድ ትፈልጋለች። በወር ውስጥ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እስከዚያ በሩን ዝጋ። መዝጋት ካቃተህ ስድስት ሳምንት ላይም ይሠራል፤ ጡቷን ሳይነኩ ከጎኗ በኩል ይከፈታል። ልጆቿም መጥባታቸውን ይቀጥላሉ።

አብራኝ የተማረችው ዶክተር ሀጀር ቦሌ ክሊኒክ አላት፤ ስልኳን ከታች ጽፌልሃለሁ። እኔ ሜዳ ላይ የሚውለውን እንስሳ ስመርጥ እሷ ሶፋ ላይ የሚውለውን መረጠች፤ ማን እንዳወቀበት አሁን ይታየኛል። ከመጋቢት 29 እስከ ሚያዝያ 10 ባለው ቀን አስይዝ። ከዚያ አይለፍ።

ስለ መመለሴ አልጠይቅም ብለህ የጠየቅከውን ሊባኖስ ሞተሩን አስነሥቶ እየጠበቀ ስለሆነ ሌላ ጊዜ እመልስልሃለሁ።

ሉዋም


ሳሊተ ምሕረት፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዶክተር ሉዋም፣

ጤና ይስጥልኝ። ሊባኖስ ሞተሩን የሚያስነሣው ደብዳቤ ከተቀበለ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደሆነ ራሱ ነግሮኛል፤ ይህን በዚሁ እንለፈው።

ደብዳቤሽን ለእማማ የሺ አነበብኩላቸው። መነጽራቸው ለመዝሙረ ዳዊት እንጂ ለሐኪም እጅ ጽሑፍ አልተሠራም። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ፦

"ከልጆቿ ስንቱ ሴት ነው?"

"ምን አሉኝ?"

"ስንቱ ሴት፣ ስንቱ ወንድ?"

በሕይወቴ እሠራዋለሁ ብዬ ያላሰብኩትን ምርመራ አደረግኩ። ሦስቱ ሴቶች ይመስላሉ፤ አራተኛው ለመታየት ፈቃደኛ አልሆነም።

"እንግዲያው ሰማንያ ቀን ነው" አሉ። "አራስ ናት። ወንድ ቢበዛ አርባ ነበር። ሴት ናቸው፣ ሰማንያ። እስከዚያ ቢላ አይነካትም።"

"እማማ፣ ድመት እኮ ናት። ልጆቿ ክርስትና አይነሡም።"

"ስለ ክርስትና ማን አወራ? ስለ አራስ ነው የማወራህ። አራስ አራስ ናት።"

ቆጠርኩ፤ ሰማንያኛው ቀን ሚያዝያ 23 ላይ ይውላል። አንቺ የፈቀድሽው የመጨረሻ ቀን ሚያዝያ 10 ነው። እንግዲህ ያለሁበትን ተመልከቺ፦ ሁለተኛ ከወለደች ከቤት እወጣለሁ፤ ሁለተኛ እንዳትወልድ የሚያደርገውን ነገር ደግሞ ተከልክያለሁ። ሁለቱም ትእዛዝ የወጣው ከአንድ አፍ ነው። ወጣት ሳለሁ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መመሪያ አርም ስለነበር የአጻጻፍ ስልቱ እንግዳ አልሆነብኝም።

አራስነቷ ደግሞ በቃል ብቻ አልቀረም። ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ እማማ የሺ ወተት በነጠላቸው ሸፍነው ይዘው ይመጣሉ። ጎረቤታችን አቶ ተስፉ በር ላይ አይቷቸው "እማማ፣ በሁዳዴ?" ቢላቸው "ለአራስ ነው! ኢያሱ ቤት አራስ አለች" ብለው አለፉ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሰው "እንኳን ማርያም ማረችልህ" ብሎኛል። አንዷ አጃ አምጥታለች። ለሁሉም አመስግኛለሁ፤ ማስረዳቱ ረጅም ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የአቶ ተስፉ ድመት ነው። አንገቱ ከጭንቅላቱ የሚሰፋ ግራጫ ወንድ ነው። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ቆርቆሮ አጥራችን ላይ ተቀምጦ በሬን ያያል። አይጮኽም፣ አይንቀሳቀስም፤ ተራው እንደሚደርስ የነገሩት ባለጉዳይ ይመስላል።

እባክሽ እሳቸው የሚሰሙት ነገር ጻፊ። አንቺን ይወዱሻል፤ እኔን የሚያውቁኝ ብቻ ነው።

ኢያሱ


መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ኢያሱ፣

ይህ ገጽ የአንተ ነው፤ ሁለተኛውን አንብብላቸው። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ አራት መቶ ከብት ከትበናል፣ ሁለቱ ረግጠውኛል፤ ጽሑፉ ከተጣደፈ ለዚያ ነው። ወተቱን በውሃ አቅጥኑላት፣ ወይም ጨርሶ ይቅር። የላም ወተት ሆዷን ያበላሸዋል። አጃውን አንተ ብላ።

ሉዋም

ለተከበሩ እማማ የሺ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጾሙን እንዴት ይዘውታል? ለሻሼ ስለሚያደርጉላት ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ።

እማማ፣ አራስነቷን ማክበርዎ ደስ ይላል። ነገር ግን ድመት እንደ ሰው አይደለችም። ስምንት ሳምንት ሲሞላቸው ልጆቿ ጨርሰው ይለዩዋታል፤ እሷም ትረሳቸዋለች። ሰማንያ ቀን ከተጠበቀ ግን ሌላ ማርገዟ አይቀርም፣ ሰውነቷም ይጎዳል። ኦፕራሲዮኑ ቀላል ነው፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ተኝታ ነው የሚሠራላት። ማኅፀኗ ይወጣል፣ ይሰፋል፣ አለቀ። ስትነቃ ምን እንደተደረገባት እንኳ አታውቅም። ስለዚህ ምንም አያስቡ።

ልጅዎ ሉዋም


ሳሊተ ምሕረት፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሉዋም፣

ሰላምታውን አሳጥሬ ልግባ፤ ነገሩ ተበላሽቷል።

ገጹን እሑድ ከቅዳሴ መልስ አነበብኩላቸው። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሄደ፤ "እግዜር ይስጥልኝ" የሚለው ላይ አንገታቸውን ነቀነቁ። "ምን እንደተደረገባት እንኳ አታውቅም" የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ። ቆምኩ። ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወደ ቤታቸው ገቡ፣ በሩን ዘጉ። በኃይል አልዘጉትም። በኃይል ቢዘጉት ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ጠዋትና ማታ ለሻሼ ሳህን በሬ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ሰላምታ አይጨምሩበትም። ምን እንዳጠፋን አላውቅም። ደብዳቤሽን እንደ ሥራዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከአንድ ነጠላ ሰረዝ በቀር ስሕተት አላገኘሁበትም።

ይባስ ብሎ ትናንት ሐሙስ የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ መጣና በር ስከፍትለት ሻሼ በእግሮቹ መካከል ወጣች። አንድ ሰዓት ተኩል ጠፋች። በዚያው አንድ ሰዓት ተኩል የአቶ ተስፉ ድመት አጥሩ ላይ አልነበረም። ሁለቱን ነገሮች አያይዤ አልጽፍም፤ ማያያዙ የሙያ ሥራ ነው። ስትመለስ ሳህኗ ጋ ሄዳ በላች፣ ልጆቿን አጠባች፣ ተኛች። አሁን እሱ አጥሩ ላይ አይቀመጥም።

ስለዚህ እንዲህ አስቤያለሁ። ዶክተር ሀጀርን አነጋግሬያለሁ፤ መጋቢት 30 ጠዋት ቦታ አላት። እማማ የሺ በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ሻሼን በቅርጫት አድርጌ በራይድ ታክሲ ወስጄ አሠርቼ እመልሳታለሁ። ሲመጡ ተኝታ ነው የሚያገኟት። ቁስሉ ሁለት ጣት አይሞላም፣ ጠጉሯ ይሸፍነዋል። ሰማንያው ቀን ሲሞላ "ይኸው አሁን ወሰድኳት" ብዬ በግቢው አንድ ዙር አዙሬ አመጣታለሁ። ማንም አይጎዳም፣ ማንም አያውቅም፣ ቤቴም ይተርፋል።

መልስሽን ቶሎ ላኪ። ሊባኖስ እንኳ "ቀኑ ተቆረጠ ወይ?" እያለ መጨነቅ ጀምሯል።

ኢያሱ


መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ኢያሱ፣

አታድርገው።

ሰላም ነህ? አታድርገው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የማያውቅ ሰው ቢጽፈው ይሻል ነበር። እኔ ግን አውቅ ነበር፣ ረስቼው ነው።

ዓምና ክረምት ታይፎይድ ይዞኝ የተኛሁ ጊዜ እማማ የሺ ሾርባ ይዘው አልጋዬ ጠርዝ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ አንተም በር ላይ ቆመህ ጋዜጣ ታነብልኝ ነበር። አንድ ቀን አንተ ሥራ ሄደህ ሳለ የነገሩኝን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አሁን የምጽፍልህ ሳታውቅ ያንኑ ነገር በቤታቸው ልትደግም ስለሆነ ነው።

ልጃቸውን ሲወልዱ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ደሙ አልቆም አለ፤ ሐኪሞቹ ማኅፀናቸውን አወጡ። ባለቤታቸው ፈረሙ። ሕይወታቸው የተረፈው በዚያ ነው፤ እሳቸውም "ሐኪሞቹን አላማም" ነው የሚሉት። ግን ማንም አልነገራቸውም። ባል ያውቃል፣ አማት ታውቃለች፣ አራስ ጥየቃ የሚመጣው ሁሉ ገንፎውን እየበላ ያውቃል። ተኝተው ነበር፣ ነቁ፣ ልጅ ታቀፉ። ሰማንያ ቀን ሞልቶ ልጅቷ ክርስትና ተነሥታ ሲመለሱ አንዲት የሩቅ ዘመድ "ቀጣዩን ወንድ ያድርግልሽ" አለቻቸው። ሌላዋ በክርኗ ጎሸመቻት። እማማ የሺ ያንን ክርን አዩት። ያወቁት እንደዚያ ነው።

እኔ ደግሞ ወረቀት ላይ "ምን እንደተደረገባት እንኳ አታውቅም፣ ምንም አያስቡ" ብዬ ላክሁላቸው። አንተ በድምፅህ አነበብክላቸው። አሁን ደግሞ በቅርጫት ሸፍነህ ልትወስዳትና ሰማንያው ሲሞላ በግቢ ልታዞራት ነው።

የሕክምናውን ልንገርህ። ሐሙስ ዕለት የተገናኙ ከሆነ ሚያዝያ 23 የስድስት ሳምንት እርጉዝ ትሆናለች፤ ያኔ ሥራው ለሰውነቷ ከባድ ነው። ካልተሠራ ግንቦት አጋማሽ ትወልዳለች። እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ድረስ ግን ገና ስለሆነ ያን ያህል አያስቸግርም። ስለዚህ ቀኑን አትልቀቅ። የሚለወጠው አካሄዱ ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር የታሸገ ፖስታ አለ፤ ለእሳቸው ነው። አንተ እንድታነብላቸው አልፈልግም። ፊደሉን ዓይን ሐኪም ቤት ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ያህል አግዝፌ ነው የጻፍኩት፤ ሰባት ገጽ የሆነው ለዚያ ነው እንጂ ነገሩ አጭር ነው።

አንተም ያሰብከውን ራስህ ንገራቸው። ቤቱን ብታጣ እንኳ።

የደበቅኩህም አለ፤ ውሌ እስከ ጳጉሜን ተራዝሟል። በሁለት ደብዳቤ ስሸሽህ ነበር።

ሉዋም


ሳሊተ ምሕረት፣ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዶክተር ሉዋም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለፈው ሰላምታ ስለዘለልኩ ዛሬ እጥፍ አድርጊው።

ደብዳቤሽን አንብቤ ለሁለት ቀን ሰው ፊት መቆም አፍሬ ነበር። ፖስታውን ሰጠኋቸው። በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ወረቀቱን አንዴ አርቀው አንዴ አቅርበው ሲያነቡ ከመስኮቴ አይቻለሁ። ምን እንዳልሻቸው አልጠየቅኩም። በአራተኛው ቀን በሬን አንኳኩ።

"ሐኪሟ ሴት ናት?"

"ሴት ናት።"

"ወልዳለች?"

"አልጠየቅኳትም።"

"ጠይቃት።"

ደወልኩ። ዶክተር ሀጀር እንዲህ ያለ ጥያቄ በሥራዋ ገጥሟት እንደማያውቅ ነገረችኝና ሁለት ልጆች እንዳሏት መለሰች። ለእማማ የሺ አስተላለፍኩ። "እሺ" አሉ። መሄድ ሲጀምሩ ሌላ ጊዜ የሚገኝ ስላልመሰለኝ ተናገርኩ፦

"እማማ፣ እርስዎ ሳያውቁ ልወስዳት ነበር።"

ቆሙ። "በምን?"

"በቅርጫት።"

"በማን ቅርጫት?"

"በእርስዎ።"

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አይተውኝ አያውቁም። ያን ሐሙስ ከቤት ስለማምለጧም፣ ስለ አቶ ተስፉ ድመትም ነገርኳቸው፤ አንዴ ከተጀመረ ሁሉንም ማውጣት ይቀላል።

"ቀኑ መቼ ነው?" አሉ በመጨረሻ።

"መጋቢት 30 ነበር። ሰርዤዋለሁ።"

"ከሥጋና ከወተት መከልከል አለባት ወይ?"

"ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ምንም አትቀምስም።"

"ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2 አድርገው። የምይዛት እኔ ነኝ።"

ይኸው እንዲህ ሆነ። ቤቱን ልልቀቅ አልልቀቅ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ካርቶን መሰብሰብ ጀምሬያለሁ። ሻሼ አንዱን ይዛዋለች።

ኢያሱ


ሳሊተ ምሕረት፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሉዋም፣

እንደምን አለሽ? ከብቶቹስ እንዴት ናቸው? የረገጡሽ እግር ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እጁ የኢያሱ ነው፤ ቃሉ ግን የኔ ነው። ምንም እንዳያቃና አስምዬዋለሁ።

እንዳትጨነቂ ውጤቱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ሻሼ ተሠርታለች፣ ቤት ናት፣ ትናንት ማታ በልታለች። ቁስሏን እንዳትልስ አንገቷ ላይ የመብራት ባርኔጣ የመሰለ ነገር አጥልቀውላታል፤ ከግድግዳ ጋር ትጋጫለች። ልጆቿ ጡት ተዉ ቢባልም ሆዷ ላይ ወጥተው ስፌቷን እንዳይቧጥጡ ያንቺን ክፍል ከፍቼ ሰጥቻቸዋለሁ። እስከ ጳጉሜን አትመጪም አይደል?

ያኛው ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሰባቱንም ገጽ አንብቤዋለሁ። የጠየቅሽኝን ይቅርታ እዚህ አላወራም፤ ኢያሱ ነው የሚጽፈው። ስትመጪ እነግርሻለሁ። ክፉ ነገር አይደለም፣ አትፍሪ።

ረቡዕ ማታ ሳህኗን አነሣሁባት። እያየችኝ ጮኸች። "ነገ ይሠሩሻል፣ ለዚያ ነው" አልኳት። ኢያሱ ሳቀ። ይሳቅ። ሁዳዴን ሙሉ በፊቴ ወተት ስትጠጣ ከርማ አንዲት ሌሊት አብራኝ ጾመች።

ጠዋት የመጣው ባለ መኪና አሌክስ የሚባል ልጅ እግር ነው። ቅርጫቱን አይቶ "እማማ፣ ወንበሩን እንዳትቧጭርብኝ" አለ። "እኔ ታቅፌያት ወንበርህን ትቧጭራለች?" አልኩት። እስከ ቦሌ ድረስ በመስታወት ሲያየን ነበር። ሲያወርደን "ምን ሆና ነው?" አለኝ። ነገርኩት። "ውይ፣ ምስኪን" አለ። ደህና ልጅ ነው።

ክሊኒኩ ንጹሕ ነው። ሹራብ የለበሱ ውሾች አሉ፤ ከኔ ሹራብ የሚሻል የለበሰም አለ። አንዲት ልጅ ወረቀት ይዛ መጣችና "ባለቤቷ ማን ነው?" አለች። ኢያሱ እጁን ዘረጋ። "ስጪኝ" አልኩ። ምን እንደሚል አስነበብኳት። እንዲህ እንዲህ እናደርጋለን፣ እንዲህ እንዲህ ሊሆን ይችላል፣ ፈቅጃለሁ፣ ይላል። አላነበበችም ብዬ የጠረጠርኩትን መስመር እንደገና አስነበብኳት። ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ነበር፤ ይሰለፍ። ከዚያ ሙሉ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ስለዚህ ልጄ፣ ድመቷ ከእንግዲህ የኔ ናት፣ ወረቀት አለኝ። ለጥየቃ መምጣት ትችያለሽ።

ኢያሱን አላስወጣውም። ሁለተኛ ከወለደች ነበር ያልኩት፤ አልወለደችም። ካርቶኖቹን ግን ከበረንዳዬ ያንሣ። (ይህን ጻፍ። ጻፍከው? እሺ።)

አሁን የቀረውን ልንገርሽ።

ሻሼን ወስደው በሩን ዘጉ። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፣ ኢያሱ ቆመ። ሩብ ሰዓት ያህል ሆነ። በሩ ተከፈተና ሐኪሟ ብቅ አለች፣ ጓንቷን እንዳደረገች፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ ይዛ። ኢያሱ ወደ እሷ ሄደ። እሷ ግን በእሱ አሳልፋ እኔን ነው ያየችው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው የኔ ስም ነው።

"እማማ፣ አርግዛለች" አለችኝ። "ሦስት ሳምንት ቢሆናት ነው። ከቀጠልኩ አብሮ ይወጣል። ተዪው ካሉኝ ደግሞ አሁኑኑ ሰፍቼ አስነሣታለሁ፣ ግንቦት ላይ ትወልዳለች።"

"ለእሷ የቱ ይሻላታል?" አልኳት።

"አራት አጥብታ ከስታለች። እኔ ብሆን እቀጥላለሁ። ግን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።"

"እንዴት አልሽኝ?"

"የሚወስኑት እርስዎ ነዎት፣ እማማ። ልቀጥል ወይስ ልተው?"

ሰምቻት ነበር። የደከመው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው። ሲጠይቁኝ ደስ ብሎኝ ነው።

ከዚያ "ቀጥዪ" አልኳት።

የሺመቤት